ዕድሜያቸው የገፋ ዜጎች ዐለታማ አቀበት ከመውጣታቸው በፊት ሊያደርጉት የሚገባ የአካል ዝግጅት

በትግራይ ክልል በገርዓልታ ተራሮች ከሚገኙት ከዐለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሆነው አቡነ የማታ ጉሕ ለመድረስ ጎብኚውም ሆነ ምእመኑ ጫማውን አውልቆ ቀጥ ያለውን ዐለት በእጅና በእግር ጣቶቹ እየያዘ መውጣት ይኖርበታል። ከዚያም ከ200 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ገደል አፋፍ ላይ በጠባብ ድንጋያማ መተላለፊያ ይሻገራል። አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደመሠረቱት ወደሚነገረው ደብረ ዳሞ ገዳም የሚገባ ወንድ ደግሞ 15 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን ገደል የሚወጣው በጠፍር ገመድ ነው። በእነዚህ ሥፍራዎች በዘወትር አገልግሎት ከሚወጡና ከሚወርዱ ካህናትና መነኮሳት መካከል ጸጉራቸው የሸበተ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባቶች አሉ።

ይህን የሚያይ የከተማ ነዋሪ ሁለት የተሳሳቱ ድምዳሜዎች ላይ ሊደርስ ይችላል። አንደኛው «እኒያ አባት ከወጡ እኔም እወጣለሁ» የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «በዚህ ዕድሜዬ አይሞከርም» የሚለው ነው። አባቶቹ የሚወጡት ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያለማቋረጥ ስለወጡ ነው። ጡንቻቸው፣ የእግራቸው ቆዳና የሰውነታቸው ሚዛን ለዚያ ሥራ ተገርቷል። 25 ዓመት በወንበር ላይ ተቀምጦ የሠራ የ55 ዓመት ሰው ከ70 ዓመት ገበሬ ይልቅ ለአቀበት የደከመ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የደከመ አካል በሥርዓት ከተዘጋጀ በ50ዎቹም፣ በ60ዎቹም፣ በ70ዎቹም ዕድሜ ጉልበት መልሶ ሊያገኝ እንደሚችል በሕክምናው ዘርፍ የታወቀ ነው። ይህ ጽሑፍ ለመንፈሳዊ ጉዞ፣ ለጉብኝት ወይም ለስፖርት ዐለታማ ሥፍራ ለመውጣት ያሰቡ፣ ዕድሜያቸው 50 ዓመት ያለፈ ዜጎች ምን ማድረግ እንደሚገባቸውና የትኛውን አገልግሎት ከየት እንደሚያገኙ ያብራራል።

ዕድሜ በአካል ላይ የሚያመጣው ለውጥ

ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ ሰውነት በየ10 ዓመቱ ከጡንቻው መጠን ከ3 እስከ 8 በመቶ ያህል ያጣል። ከ60 ዓመት በኋላ ፍጥነቱ ይጨምራል። ከመጠኑ ይልቅ ደግሞ ኃይሉ ቀድሞ ይቀንሳል። በተለይም በድንገት የሚያስፈልገው ቅልጥፍና፣ ለምሳሌ እግር ሲያንሸራትት በቅጽበት ራስን መያዝ፣ ከሁሉም አስቀድሞ የሚደክም ችሎታ ነው። የልብና የሳንባ አቅምም እንዲሁ እንቅስቃሴ በማያደርግ ሰው በየ10 ዓመቱ በ10 በመቶ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው የጅማት ጉዳይ ነው። ጡንቻ ልምምድ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መጠንከር ይጀምራል። ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ግን የደም አቅርቦቱ አነስተኛ በመሆኑ ለመጠንከር ወራት ይፈልጋል፤ ዕድሜ ሲገፋም ይህ ጊዜ ይበልጥ ይረዝማል። በመሆኑም ልምምድ በጀመረ በስድስተኛው ሳምንት ራሱን ብርቱ ሆኖ የሚያገኝ የ58 ዓመት ሰው ለአደጋ የተጋለጠው ልክ በዚያን ጊዜ ነው። ጡንቻው ይችላል፤ ጅማቱ ግን ገና አልደረሰም። የጣት፣ የክርንና የትከሻ ጅማት ጉዳት በዐለት ወጪዎች ዘንድ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ አንድ ጊዜ የተጎዳ የትከሻ ጅማት በዚህ ዕድሜ ለመዳን ብዙ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ሴቶች ከወር አበባ መቋረጥ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት የአጥንት ጥንካሬያቸው በፍጥነት ይቀንሳል። ለወጣት ሰው መላላጥ ብቻ የሚሆን ውድቀት ለ65 ዓመት እናት የእጅ አንጓ ወይም የዳሌ ስብራት ሊሆን ይችላል። ይህ ማለት ከእንቅስቃሴ መታቀብ ይገባል ማለት አይደለም። ክብደት የሚሸከም እንቅስቃሴ ራሱ አጥንትን ከሚያጠነክሩት ነገሮች አንዱ ነውና።

ከጉዞ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ስሜት አይኖረውም። ስለዚህ «ደኅና ነኝ፣ ምንም አያመኝም» ማለት በቂ ማረጋገጫ አይሆንም። ዐለት መውጣት በደም ግፊት ላይ የተለየ ጫና አለው። ሰው ድንጋይ ወይም ገመድ አጥብቆ ጨብጦ ትንፋሹን በያዘ ጊዜ የደም ግፊቱ ለጥቂት ሰከንዶች በእጅጉ ከፍ ይላል። በዕረፍት ላይ ሳለ የደም ግፊቱ 140/90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ልምምድ ከመጀመሩ በፊት የጤና ባለሙያ ሊያየው ይገባል። 180/110 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ በሕክምና እስኪወርድ ድረስ ከባድ ልምምድም ሆነ የዐለት ጉዞ መጀመር የለበትም።

የደም ግፊትና የደም ስኳር መጠን ምርመራ በአቅራቢያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ይሰጣል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የአባልነት መታወቂያቸውን ይዘው በቅድሚያ መሄድ የሚኖርባቸው ውል ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። የልብ ወይም የዓይን ምርመራ ካስፈለገ ጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ይጽፋል። ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ወጪውን ከራስ ኪስ ለመሸፈን ሊዳርግ ስለሚችል ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይጠቅማል።

ለባለሙያው ሊነገሩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ደረጃ ወይም አቀበት ሲወጡ ደረት ላይ የሚሰማ መጨነቅ ወይም መክበድ፣ ራስ መሳት፣ ከተለመደው በላይ ትንፋሽ ማጠር፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ሁሉ። የመድኃኒቱ ነገር ቀላል አይደለም። ቤታ ብሎከር የሚባሉት የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶች የልብ ምት እንዳይጨምር ስለሚይዙ ታካሚው የድካሙን ልክ በልብ ምቱ ሊለካ አይችልም። የሚያሸኑ የደም ግፊት መድኃኒቶች በሞቃት ዐለት ላይ የሰውነትን ፈሳሽ ቶሎ ያሳጣሉ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ በረጅም አቀበት ላይ የደም ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል። መድኃኒቱን በገዛ ራስ ማቆም ግን አይገባም፤ መጠኑንና ሰዓቱን የሚያስተካክለው ያዘዘው ባለሙያ ነው።

የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች እግራቸውንም ማስመርመር አለባቸው። ሕመሙ የእግርን ስሜት እየቀነሰ ስለሚሄድ በባዶ እግር ዐለት ላይ የሚወጣ ታካሚ መቆረጡን ሳያውቅ ሊመለስ ይችላል፤ ቁስሉም ላይድን ይችላል። ዓይንም እንደዚሁ ነው። የዓይን ሞራ ግርዶሽ የጀመረው ሰው የድንጋይን ጥልቀትና ርቀት በትክክል አይለይም። ለቅርብና ለሩቅ በአንድነት የተሠራ መነጽር የሚያደርግ ሰው ቁልቁል ሲመለከት እግሩ የሚያርፍበትን ቦታ የሚያየው ለንባብ በተሠራው የመነጽሩ ክፍል ስለሆነ ደብዝዞ ይታየዋል። ለጉዞው ለሩቅ ብቻ የሚያገለግል መነጽር መያዝ ይህን ችግር ያቃልለዋል።

አቅምን በቤት ውስጥ መለካት

ሁለት ቀላል መለኪያዎች አሉ። ለመጀመሪያው ግድግዳ ያስደገፉት ጠንካራ ወንበርና ሰዓት ያስፈልጋሉ። እጅን በደረት ላይ አጣምሮ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበሩ ሙሉ በሙሉ እየተነሡና እየተቀመጡ መቁጠር ነው። ዕድሜው ከ60 እስከ 64 የሆነ ወንድ ከ14 ጊዜ በታች፣ ሴት ከ12 ጊዜ በታች ከተነሡ የእግራቸው ጉልበት ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው ያነሰ ነው። ከ65 እስከ 69 ባለው ዕድሜ መለኪያው ለወንድ 12፣ ለሴት 11 ነው። ይህ ቁጥር ለዕለት ተዕለት ኑሮ የተቀመጠ መሆኑ መታወቅ አለበት። ዐለት ለመውጣት ያሰበ ሰው ከዚህ በብዙ ማለፍ ይኖርበታል።

ሁለተኛው የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር ጣት ፊት ለፊት አስነክቶ በቀጥታ መስመር መቆም ነው። የሚደገፉት ነገር በአቅራቢያ ይሁን። በዚህ አቋም 10 ሰከንድ መቆየት ያልቻለ አረጋዊ በደልዳላ ሜዳ ላይ እንኳ የመውደቅ አደጋ አለበት። ይህን ሳያሻሽል ወደ ገደል አፋፍ መቅረብ የለበትም።

ልምምዱ

ለዝግጅቱ ከ12 እስከ 16 ሳምንት መመደብ ይመከራል። ምክንያቱ ከላይ የተገለጸው የጅማት ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድ፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑት ደግሞ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ሚዛንንም የሚያካትት እንቅስቃሴ እንዲደረግ ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው እንቅስቃሴ ተራማጁ እያወራ መሄድ የሚችልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅተው ፍጥነት ነው።

ከዚህ በላይ ለዐለት ወጪ የሚያስፈልገው መውረድን መለማመድ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው ለመውጣቱ ቢሆንም ጡንቻን ይበልጥ የሚጎዳው፣ ጉልበትን የሚያንቀጠቅጠውና ብዙ ሰው የሚወድቅበት መውረዱ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ የጭን ጡንቻ እያጠረ ሥራውን ይሠራል። ቁልቁል ሲወረድ ግን እየተዘረጋ ክብደቱን ሁሉ ይይዛል። ይህ ያልተለማመደን ጡንቻ ያቆስለዋል፤ በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን የሚሰማው ሕመም ከዚህ የሚመጣ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ደረጃ ለዚህ ልምምድ በቂ ነው። መደገፊያው አጠገብ ሆኖ አራት ወይም አምስት ፎቅ በእግር መውጣት፣ ከዚያም እግርን ሳያስረግጡ ቀስ ብሎ እያንዳንዱን ደረጃ በሦስት ቆጠራ መውረድ ይገባል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ዙር፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ዙር እየጨመሩ መቀጠል ይቻላል። ጉልበት የሚያብጥ ከሆነ ዙሩን መቀነስ እንጂ በሕመም ማስታገሻ መቀጠል አይገባም።

ለጭንና ለዳሌ፣ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ያለ እጅ ድጋፍ መቀመጥና መነሣት፣ እየቆየም በርጩማውን ትቶ ቁጢጥ ብሎ መነሣት ጥሩ ልምምድ ነው። ለባት ጡንቻ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ በእግር ጣት መነሣትና ተረከዝን ከደረጃው በታች ዝቅ ማድረግ ይጠቅማል።

ለእጅ ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። 5 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን በየእጁ ይዞ ለአንድ ደቂቃ መራመድ፣ ከዚያ ወደ 10 ሊትር ማሳደግ፣ እርጥብ ፎጣ በሁለቱም አቅጣጫ መጭመቅ የመጨበጥ ኃይልን ያጎለብታል። በብረት ላይ መንጠልጠል የሚቻለው ትከሻው ጤናማ የሆነ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም በመጀመሪያ እግሩን መሬት አስነክቶ ክብደቱን በከፊል ብቻ ይስቀል። ድንጋይ ሲያዝ ጣትን አጥፎ በጣት ጫፍ ብቻ መንጠልጠል የጣትን ጅማት የሚይዙትን ቀለበቶች ስለሚያስጨንቅ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው በተቻለ መጠን በተከፈተ እጅ መያዝና ክብደቱን በእግሩ ላይ ማሳረፍ አለበት። በእርግጥ በደንብ የሚወጡ ሰዎችን የተመለከተ ሁሉ እንደሚያስተውለው የሚወጡት በእግራቸው ነው፤ እጃቸው ሚዛን ይጠብቃል።

ከከባድ ልምምድ በኋላ ለወጣት አንድ ቀን ዕረፍት ቢበቃ፣ ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ሁለት ቀን መስጠት ይሻላል። በዕረፍቱ ቀን ቀለል ያለ እርምጃ ማድረግ ይቻላል። እያንዳንዱ ልምምድ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በሚወስድ ማሟሟቂያ ይጀመር። ለሰባት ቀን ያህል የማይለቅ የመገጣጠሚያ ሕመም ካለ ሐኪም ማየት ይገባል።

ምግብና ጾም

ዕድሜው የገፋ ሰው ጡንቻውን ለመጠበቅ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ይመከራል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ከሐኪሙ ጋር መወሰን አለበት። በጾም ወራት ይህን ማሟላት የማይቻል የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ኦቾሎኒ ከጤፍ እንጀራ ጋር ሲበሉ ፕሮቲኑን ለማሟላት ይረዳሉ። ችግሩ የጾም ምግብ ዓይነት ሳይሆን ብዙውን ጊዜ የመጠኑና የሰዓቱ ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ የሚበላ ሰው የቀኑን ሁሉ በአንድ ማዕድ ማሟላት ይከብደዋል። ስለዚህ ከባድ ልምምድ የሚደረግባቸውን ሳምንታት ከጾም ወቅት ውጪ ማድረግ፣ ካልተቻለም ልምምዱን ጾሙ ከሚፈታበት ሰዓት ጋር ማቀራረብ ይሻላል።

ከሁሉ የሚያስጠነቅቀው ግን ውኃ ሳይጠጡ በጠዋት ተነሥቶ ዐለት መውጣት ነው። ለበዓል የሚጓዝ ምእመን ጾሞና ውኃ ሳይጠጣ ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ አቀበት ይጀምራል። የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱና ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ ሰዎች ከመጓዛቸው በፊት ጉዳዩን ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር ቢነጋገሩበት መልካም ነው። ለታመመና ለደከመ ሰው ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ የሚያስገድድ ሥርዓት የላቸውም።

ከፍታ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ ነዋሪዋ ለመጠነኛ ከፍታ የተላመደ ነው። ከድሬዳዋ፣ ከጋምቤላ ወይም ከዓረብ አገሮች የባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚመጣ ሰው ግን ይህ ጥቅም የለውም። የከፍታ ሕመም ከ2500 ሜትር ጀምሮ ሊከሰት ይችላል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚጓዝ ሰው በ3200 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው ሳንቃበር፣ ከዚያም በ3600 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው ግጭ እያደረ ሲሄድ ሰውነቱ ጊዜ ያገኛል። ከ4500 ሜትር በላይ ወደሆነው ራስ ዳሸን በችኮላ የሚወጣ ግን ጊዜ አያገኝም። ከ3000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሲታይ መውጣት ማቆም ይገባል። መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት ወይም በዕረፍት ላይ ሳሉ ትንፋሽ ማጠር ከታየ ግን ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ታች መውረድ እንጂ ማደር አይገባም። የአካል ብቃት ከዚህ ሕመም አያድንም። ብርቱዎች እንዲያውም ፈጥነው ስለሚወጡ ይበልጥ ይጠቁበታል።

በዕለቱ

ጃፓናዊው ዩይቺሮ ሚዩራ እ.ኤ.አ. በ2013 በ80 ዓመት ዕድሜው የኤቨረስት ጫፍ ደርሷል። ከዚያ በፊት በ70 እና በ75 ዓመቱም ወጥቶ ነበር። በመካከሉ የዳሌ ስብራትና የልብ ሕመም ደርሶበታል፤ ለዓመታት በእግሩ ላይ ክብደት አስሮ እየተራመደ ተዘጋጅቷል። በ80 ዓመቱ ሲመለስ ግን ድካሙ ስለበረታ ከ6500 ሜትር ገደማ በሄሊኮፕተር ተነሥቷል። የወጡበትን መውረድ የጉዞው ግማሽ መሆኑን ይህን ያህል የተዘጋጀ ሰው ታሪክ እንኳ ያሳያል። በገርዓልታ ዐለቶች ላይ ሄሊኮፕተር የለም።

በመሆኑም አቀበት የጀመረ ሰው ግማሽ ጉልበቱን ለመመለሻ ማስቀረት አለበት። ማልዶ መነሣት ይጠቅማል፤ ዐለቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ለመውረድም ቀኑ አይመሽም። ዐለቱ ዝናብ የነካው ከሆነ ጉዞውን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ይገባል። የአካባቢው ወጣቶች እግርና እጅ የሚያርፍባቸውን ጎድጓዶች አንድ በአንድ ያውቃሉ። እነርሱን አስቀድሞና አስከትሎ መውጣት፣ ዋጋውንም ከመነሣት በፊት መስማማት ተገቢ ነው። በሚያቅት ቦታ ላይ «አልችልም» ማለት ነውር አይደለም። ቤተሰብ ወይም የጉዞ ማኅበር አረጋዊን ሰው «ትንሽ ነው የቀረው» እያለ መገፋፋት የለበትም፤ ያ «ትንሽ» ብዙውን ጊዜ ገደሉ ያለበት ክፍል ነው።

ባለፉት ጥቂት ወራት የልብ ድካም የገጠመው፣ ስትሮክ የነበረበት፣ የሚጥል በሽታው ያልተረጋጋ ወይም አቀበት ሲወጣ ደረቱን የሚጨንቀው ሰው ለጊዜው መውጣት የለበትም። ለእነዚህ ወገኖች በውቅሮ ከተማ ዳር የሚገኘው ውቅሮ ጨርቆስ እና ከውቅሮ በስተ ምዕራብ የሚገኘው አብርሃ ወአጽብሃ ከዐለት የተፈለፈሉና ታሪካዊ ሆነው ሳለ በመኪና የሚደረስባቸው ናቸው። ወደ ደብረ ዳሞ መግባት ለሴቶች የተከለከለ በመሆኑ በገርዓልታ አካባቢ ያሉትን መምረጥ የሚሹ እናቶችና እኅቶች አቡነ የማታንና ማርያም ቆርቆርን ከአቅማቸው ጋር አመዛዝነው መምረጥ ይችላሉ።

ከመነሣት በፊት የሚወሰዱ መድኃኒቶች ዝርዝርና የቅርብ ቤተሰብ ስልክ በወረቀት ተጽፎ በኪስ ይያዝ፤ ለአንድ አብሮ ተጓዥም ይነገር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ጥሪ ቁጥር 907 ነው። በብዙ ዐለታማ ሥፍራዎች የስልክ መስመር የማይሠራና አምቡላንስ ከመንገድ ባሻገር መድረስ የማይችል በመሆኑ፣ በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ የት እንደሆነና የተጎዳ ሰው በምን እንደሚጓጓዝ ከአስጎብኚው ወይም ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።